የንግግር ትምህርት በንግግር ይመዘን፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርትን ለምትመሩ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የአደባባይ ንግግር ትምህርት ምዘናና የክፍል ደንብ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ሥራዬ ወጣቶች በሰው ፊት ቆመው ሐሳባቸውን እንዲናገሩ ማስተማር ነው። ትምህርቱን እወደዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም እወዳቸዋለሁ። እየተሠራበት ያለው የምዘና ሥርዓት ግን ሁለቱንም እየጎዳ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ተማሪ ለንግግር ትምህርት ተመዝግቦ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍሉ ፊት በወጉ ሳይቆም፣ በወረቀት ፈተና ጥሩ ውጤት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ የመምህሩን ስንፍና ወይም የተማሪውን ብልጣብልጥነት ምክንያት ማድረግ ይቀል ይሆናል። እኔ የማየው ግን ሥርዓቱ ራሱ ይህንን ሲጋብዝ ነው። ግማሽ ያህሉ ነጥብ በተከታታይ ምዘና ይያዛል፤ የቀረው ለማጠቃለያ ፈተና ይተዋል። ማጠቃለያው በጽሑፍ ነው። «የማሳመኛ ንግግር ባሕርያትን ዘርዝሩ»፣ «ተናጋሪ አድማጩን ማወቅ ያለበት ለምንድን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ማስታወሻውን በቃሉ የያዘ ሁሉ አሳምሮ ይመልሳቸዋል። በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቡድን ሥራ ይገባል። ለስድስት ልጆች አንድ ርዕስ ይሰጣል፤ አንዱ ይናገራል፣ አምስቱ ከኋላው ቆመው ወለል ወለሉን ያያሉ፤ ነጥቡ ለስድስቱም እኩል ይታደላል። የሽመናን ትርጉም በወረቀት ላይ ጽፎ ሸማኔ የሆነ ሰው በመንዝም በቡልጋም አላየሁም፤ ተናጋሪም በዚህ መንገድ አይወጣም።

ይህ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜው አይበቃም» የሚል ነው። እስቲ አብረን እናስላው። በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት በ16 ሳምንት 48 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ስለሆነ ጠቅላላው 2,400 ደቂቃ ነው። በክፍሉ 50 ተማሪዎች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢናገርና 3 ደቂቃ አስተያየት ቢሰጠው፣ አንድ ዙር 400 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ዙር 1,600 ደቂቃ መሆኑ ነው። የሚተርፈው 800 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ክፍለ ጊዜ፣ ለገለጻና ለልምምድ ይበቃል። ተማሪዎቹ 60 ቢሆኑ እንኳ አራቱ ዙር 1,920 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይጠብባል እንጂ ይቻላል። 80 ሲሆኑ ግን 2,560 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ከሴሚስተሩ ጠቅላላ ሰዓት ይበልጣል። እንግዲህ ጊዜው የማይበቃው ሰማንያና ከዚያ በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ስለሚታጎር ነው። የንግግር ትምህርት ክፍል ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ ቢጨንቅ ቢጨንቅ በ60 እንዲቆም የሚል አንድ መስመር በመመሪያ ቢጻፍ ሰበቡ ሁሉ ይወድቃል።

ነጥቡን በተመለከተ የምጠይቀው ይህን ነው። ከ100 ነጥብ 65ቱ ተማሪው ብቻውን ቆሞ ለሚያደርጋቸው አራት ንግግሮች ይሁን። የመጀመሪያው 5 ነጥብ ብቻ ይያዝለት፤ መንቀጥቀጥም ላብም የሚበዛበት ስለሆነ ማንም በእሱ መውደቅ የለበትም። ሁለተኛው 15፣ ሦስተኛው 20፣ የመጨረሻው 25 ይሁን። ለንግግሩ ረቂቅ ዝርዝር 10፣ የሌሎችን ንግግር አዳምጦ በጽሑፍ ለሚሰጥ አስተያየት 10፣ ለጽሑፍ ፈተና ደግሞ 15 ይበቃዋል። የነጥቡ አከፋፈል በዚህ ልክ ካልሆነ በሌላ ሊሆን ይችላል፤ እኔ በቁጥሮቹ አልሟገትም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነጥብ በአንደበት እንዲገኝ ግን እሟገታለሁ።

የቋንቋው ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ የመንዝ ልጅ ናት። አንድ ቀን ንግግሯን በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ መጣች፤ ርዕሷ የመንዝ በግ ፀጉር ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበት ሥራ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ከፍ ስታደርገው ፊቷ ተሸፈነ፤ ድምጿ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። አንብባ ጨርሳ ልትቀመጥ ስትል ከኋላ አንድ ልጅ በአማርኛ «ፀጉሩ የሚነደፈው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ግራ እጇን ደጋን እንደያዘ ሰው ዘረጋች፤ በቀኟ ጅማቱን እንደመምታት እያደረገች አሳየች። እናቷ እንዴት እንደምትፈትል፣ አባቷ እንዴት እንደሚሸምን፣ ነጩና ጥቁሩ ፀጉር ከመጀመሪያው ለምን ተለይቶ እንደሚቀመጥ ተናገረች። ስልኩን የነካ ሰው አልነበረም። የኋላ ረድፍ ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩዋት ነበር።

በእጄ የነበረው የመመዘኛ ቅጽ ሰዋስው፣ አጠራርና የቃላት ምርጫ የሚሉ ሣጥኖች ነበሩት። ክፍሉን ጸጥ ያሰኘው ያ ንግግር የሚገባበት ሣጥን ግን አልነበረም። ያች ልጅ መናገር ትችላለች፤ ቅጹ የለካው እንግሊዝኛዋን ነው።

የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህንኑ ማጽናቱን አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛው ይቅር ብዬም አልጠይቅም። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ያስፈልጋቸዋል። የምለው መንገዱ ይደልደል ነው። ከአራቱ ንግግሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍሉ በሚግባባበት ቋንቋ እንዲደረጉ፣ የቀሩት ሁለቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆኑ ይፈቀድ። «ክፍሉ በሚግባባበት» ያልኩት አስቤበት ነው። ሚኒስቴሩ ተማሪዎችን ከመላው አገሪቱ ስለሚመድብ አማርኛ የሁሉም የአፍ መፍቻ እንዳልሆነ በየቀኑ አያለሁ። ለአንዳንዱ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለእሱ ደንቡ ሌላ ምርጫ ሊተውለት ይገባል። አንድ ጊዜ በሚያውቀው ቋንቋ ቆሞ ሰው እንዳዳመጠው ያየ ልጅ በሁለተኛው ቋንቋ ሲቆም ጉልበቱ አይከዳውም። ፍርሃትንና የቋንቋ ችግርን በአንድ ቀን እንዲያሸንፍ የምናስገድደው ተማሪ ግን በሁለቱም ይሸነፋል።

ተመራቂዎቻችን ነገ የሚናገሩት የት እንደሆነም እናስብ። በሞረትና ጅሩ ስንዴው ላይ ዋግ ሲወጣ የግብርና ባለሙያው አርሶ አደሮችን ሰብስቦ ምን እንደሚረጭ፣ መቼ እንደሚረጭ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚከተል ማስረዳት አለበት። የሕግ ተመራቂው በወረዳ ፍርድ ቤት ይቆማል። የጤና ባለሙያዋ እናቶችን ሰብስባ ስለ ክትባት ትናገራለች። እነዚህ ሁሉ በእኛ አካባቢ የሚሠሩት በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ቆመው እንዲናገሩ ያስተማራቸው ኮሌጅ ግን አላየሁም።

ይህ በሸዋ ምድር መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ሕዝብ በላ ልበልሃ እያለ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚሟገት፣ ነገሩን በምሳሌና በግጥም የሚያቀርብ፣ የረታውንም የተረታውንም አነጋገር ለልጅ ልጁ የሚተርክ ሕዝብ ነበር። ዛሬም ሽምግልና ሲቀመጥ፣ ዕድር ሲሰበሰብ፣ ሠርግ ሲመረቅ ያላነበቡ አባቶች አድማጭ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩናል። መቼ ድምፅ እንደሚወርድ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል፣ ተቃራኒን ሳያዋርዱ እንዴት እንደሚረቱ ያውቃሉ። የማስተማሪያ ሰነዳችን ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አንድ ገጽ እንኳ አልተሰጠውም። ተማሪዎች ከሚሠሯቸው ተግባራት አንዱ በሰፈራቸው አንድ ሽማግሌ ሲያስታርቁ ወይም ሲመርቁ አዳምጠው፣ ያዩትን ለክፍሉ እንዲያቀርቡ ቢሆን ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ክፍል ደንብ ልመለስ። ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከእሱ ምን እንደሚጠበቅ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ስንት ጊዜ እንደሚናገር፣ በምን እንደሚመዘን፣ ቢቀር ምን እንደሚሆን። አሁን ብዙ ተማሪዎች መመዘኛውን የሚያውቁት ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። በንግግር ትምህርት መገኘት ግዴታ መሆኑን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ የቀረ ተማሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን ተናጋሪውንም አድማጭ ያሳጣዋልና። ነገር ግን ደንቡ የምንኖርበትን ሁኔታ ይወቅ። ለቅሶ ሲደርስ የእኛ ተማሪ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሳይሄድ አይቀርም፤ ባይሄድም ነውር ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። መንገድ ተዘግቶበት የቀረን ልጅ ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ ማለት በተዘጋው መንገድ ተመልሰህ ሂድ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ያመለጠውን ንግግር ያለ ማስረጃ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲያካክስ ይፈቀድለት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ማስረጃ ይጠየቅ። አላግባብ የሚጠቀምበት ይኖራል፤ በእሱ ምክንያት ሐዘንተኛውን መቅጣት ግን አግባብ አይደለም።

አድማጩም ደንብ ያስፈልገዋል። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ንግግር እየተደረገ በሩን አይክፈት፤ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቅ። ስልክ ይዘጋ። በተናጋሪ አነጋገር ወይም በትውልድ አካባቢው ቅላጼ መሳቅ በነጥብ የሚያስጠይቅ ጥፋት ይሁን። ይህን የምለው ሴት ተማሪዎች ገና ሲነሱ የሚሰማውን ሹክሹክታ ስለማውቀው ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሙሉ ጽሑፍ ቆሞ ማንበብም ንግግር ተብሎ አይቆጠር፤ ተማሪው ዋና ዋና ነጥቦቹን በአንዲት ካርድ ላይ ጽፎ ይግባ።

መመዘኛው አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚቀጣበት ቦታም አለ። «ዓይን ለዓይን መተያየት» የሚል ነጥብ ማየት በማይችል ተማሪ ላይ እንዴት ይሰላል? የሚንተባተብ ልጅ ሰዓት አለፈብህ ተብሎ ለምን ነጥብ ይቀነስበታል? መስማት የተሳነው ተማሪ በምልክት ቋንቋ ንግግሩን አቅርቦ አስተርጓሚ ቢመደብለት ከማን ይጎድላል? ይህ በየመምህሩ ደግነት የሚተው ሳይሆን በመመሪያ የሚጻፍ ነው።

ከሁሉ የከበደውን በመጨረሻ አነሳለሁ። ተማሪዎቼ ርዕስ ሲመርጡ ይፈራሉ። ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ተዘጋ ትምህርት ቤት መናገር እየፈለጉ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ይናገራሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ደግሞ የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቃሉ። ተማሪ ለትምህርቱ ሲል በክፍል ውስጥ በሰላማዊ መንገድ በተናገረው ከክፍል ውጭ በማንም እንዳይጠየቅ፣ ያለ ፈቃዱም እንዳይቀረጽ የሚል ግልጽ አንቀጽ በንግግር ትምህርት ደንብ ውስጥ እንዲገባ እለምናለሁ። ሰውን ከሚያንቋሽሽና ጥላቻን ከሚሰብክ ንግግር መከልከል አንድ ነገር ነው፤ የሚያስበውን እንዳይናገር ማስፈራራት ሌላ ነው። የመናገሪያ ክፍል ውስጥ መናገር ካስፈራ ሌላ የት እንልካቸዋለን?

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና በመሆኑ አንደበትን ሊለካ አይችልም። ኮሌጆችም በማይለካው ነገር ላይ ሰዓት ማጥፋት አይወዱም። ትምህርት ክፍሎች የንግግር ክፍለ ጊዜን ለመውጫ ፈተና ክለሳ ሲወስዱ ማየት ጀምሬአለሁ። የንግግር ውጤት ለመውጫ ፈተና ለመቀመጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ ቢወሰን ይህ ሽሚያ ይቆማል።

ከመጪው መስከረም ምዝገባ በፊት የክፍል መጠኑን፣ የነጥብ አከፋፈሉንና የክፍል ደንቡን የሚመለከት አጭር መመሪያ ለተቋማት እንዲላክ እጠይቃለሁ። ለዚህ የሚሆን ረቂቅና በሥራ ላይ የማውለውን የመመዘኛ ቅጽ አያይዤ ልኬላችኋለሁ፤ ማብራሪያ ቢያስፈልግ አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የንግግር ክህሎት መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቶች