ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ለምትወርጂው ልጄ

የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ከረምሽ?

ወንድምሽ ትናንት ማታ ፎቶሽን አሳየኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ፣ እግርሽን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ትስቂያለሽ። ሳቅሽን ሳይ ደስ አለኝ። ነገ አርባ ምንጭ ትወርዳለች ሲለኝ ግን እንቅልፌ ጠፋ። ሐዋሳ ላይ አዞ የለም፤ የአርባ ምንጭ ሐይቆች ጫሞና አባያ ግን አዞ ሞልቷቸዋል። ውሃው ዳር እንዳትቆሚ። ለፎቶም ቢሆን፣ እጅ ለመታጠብም ቢሆን።

ጀልባው አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ይወስዳችኋል፣ ቁልፎ ወንዝ ጫሞ የሚገባበት ጋ። አሸዋው ላይ አፉን በልቅጦ ተጋድሞ ታዪዋለሽ። ዝንብ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ እንኳ አይነቃነቅም፤ የሞተ ነው የምትይው። አፉን የከፈተው ሙቀቱን ሊያበርድ ነው እንጂ ያይሻል። እጅሽን ከጀልባው አታውጪ። የአባያ ውሃ ደግሞ ድፍርስ ነው፣ ስሩ ያለውን አያሳይም። ጉማሬም ሲመሽ ሳር ሊግጥ ይወጣል። ውሃው ዳር አትቁሚ የምልሽ ለዚህ ነው፣ ገባሽ?

ጫካውን ግን ተረጋግተሽ እዪው። ሾላዎቹ ስር ምንጮቹ ይፈልቃሉ፣ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል። ከዚያ ሁለቱን ሐይቆች በሚለየው መሬት፣ በእግዜር ድልድይ አልፋችሁ ሜዳው ላይ ስትወጡ ሌላ አገር የገባሽ ይመስልሻል፤ ሳሩ ነጣ ያለ፣ የሜዳ አህያው በመንጋ።

እዚያ ሜዳ ላይ ነው ቆርኬ የሚባለውን የዱር እንስሳ ያየሁት። ያኔ አርባ ምንጭ አስተምር ነበር፣ አንቺ አልተወለድሽም። ፓርኩ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አንዱ ዓላማ እሱን መጠበቅ ነበር። ኩይሳ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ፊቱ ረጅም፣ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ የታጠፈ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ቡናማ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ዝም ብሎ አየን፣ እኛም አየነው። ልጅ ስወልድ አመጣዋለሁ አልኩ። ከዚያ ዝውውር መጣ፣ ኑሮ መጣ፣ ዛሬ ነገ ስል አንቺ በራስሽ ደሞዝ ለመሄድ በቃሽ። የዚያ ሜዳ ቆርኬም እጅግ መነመነ። ይሄ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። አብሬሽ ቆሜ ባሳይሽ ምን ነበረበት!

አሁን ቆርኬን ማየት የሚቀለው ሰንቀሌ መጠለያና ማዜ ፓርክ ነው። ሰንቀሌ ከመንገዳችሁ ብዙም አይርቅም፤ አጄ ከተማ ስትደርሱ ሾፌሩን ጠይቂው።

አጎበር ያዢ። ማታ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ እዚያ ወባ አለ። ከተመለስሽ በኋላ ቢያተኩስሽ፣ ሳምንት ቢያልፍም፣ ጉንፋን ነው ብለሽ እንዳትተኚ፤ ለሐኪሙ አርባ ምንጭ ነበርኩ በይው። ፓርኩ ውስጥ ጠባቂ ሳይኖር ከመኪና አትውረጂ። ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም ውሃው ዳር አትቁሚ፣ ይሳቁ።

ገንዘብ ካነሰሽ ዛሬውኑ ደውይልኝ፣ ወንድምሽ በሞባይል ይልክልሻል። ሙዝ ስትገዢ ጥሬውን ምረጪ፣ የበሰለው መንገድ ላይ ይፈርጥብሻል።

አባትሽ