ረጅም ማካፈልን ከልጆች አትንጠቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ፣ ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ልጆችን በእጅ ማካፈል ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው ሲሉ ጽፈዋል። ጅማ ውስጥ ሂሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

4,294,967,297 የሚባለውን ቁጥር ልጥቀስ። 2ን በራሱ አባዙት፣ 4 ይሆናል፤ 4ን በራሱ፣ 16፤ እንዲሁ እያላችሁ 256፣ 65,536፣ በመጨረሻም 4,294,967,296 ላይ ትደርሳላችሁ። በየደረጃው 1 ሲጨመር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይገኛሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይቶ፣ ስድስተኛው 4,294,967,297ም ሆነ ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1732 ግን ሌላው የሂሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ስድስተኛው በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። በዚህ መንገድ የሚገኙት የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ፤ እስከ ዛሬም ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ የሆነ የፌርማ ቁጥር አልተገኘም።

641 ከ2 ጀምሮ ሲቆጠር 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። በጭፍን የሚሞክር ሰው ብዙ ይደክማል። ኦይለር ግን ብቸኛ ቁጥር የሆነ የ4,294,967,297 አካፋይ ሁሉ 1 ሲቀነስለት በ64 መካፈል እንዳለበት አረጋገጠ። ስለዚህ እስከ 641 ድረስ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። አምስት ሙከራ! ይህን ለልጆች ስነግር ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲል የሰፈሩን ልጆች በረንዳዬ ላይ ሰብስቤ 4,294,967,297ን ለ641 በጠመኔ አካፈልን። 4294 ለ641፣ 6 ደርሶ 448 ይቀራል። 9 ሲወርድ 4489 ይሆናል፤ 7 ደርሶ 2 ብቻ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ነው ፈተናው። 26 ለ641 አይደርስም፣ 267ም አይደርስም፤ ሁለቱ ዜሮዎች ካልተጻፉ ውጤቱ 67,417 ይሆንና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከልጆቹ ግማሾቹ እዚያው ላይ ተሳሳቱ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን መልሳ በማባዛት ስህተቱን ራሷ አገኘችው። ወደ መጨረሻው ያው 448 ተመልሶ መጣ፣ 7 ሲወርድ 4487 ሆነ። «ጋሼ፣ ቅድም 2 የተረፈው እዚህ ላይ ምንም አልተረፈም!» ብላ ጮኸች። መልሱ 6,700,417 ነው።

ስምንት አሃዝ ብቻ የሚያሳየው የሱቅ ካልኩሌተር ይህን ቁጥር መያዝ እንኳን አይችልም። ስልክ ይችላል፤ ነገር ግን መልሱን ብቻ ይሰጣል እንጂ 448 ሁለት ጊዜ መምጣቱን አያሳይም። ያቺ ልጅ ያየችው ደግሞ እሱን ነው።

ከጋዜጣው የምለምነው አንድ ነገር ነው። በልጆች ገጻችሁ ላይ ይህን ቁጥር እና 641ን ብቻ አትሙልን፤ ውጤቱን ሳትጽፉ፣ ለእርሳስ የሚበቃ ባዶ ቦታ ትታችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ መምህር፣ ከጅማ