የግቢያችን የድሬዳዋ ዛፍ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 11 ቀን

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ ኖሬ ዛሬ በሰላምታ ስጀምር እንዳትቀየሚኝ። የላክሻቸው መልእክቶች ሁሉ ደርሰውኛል። እናቴን ሳስታምም አንዱን ሳልመልስ ቀረሁ፣ በላዩ ሌላው መጣ፣ መልሱ በዘገየ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር እየጠፋኝ ሄደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ። እናቴ አሁን ደኅና ናት፤ በምርኩዝም ቢሆን በረንዳ ድረስ ወጥታ ትቀመጣለች። «ለዚያች ልጅ ሳትነግሪያት እንዳትውዪ» ብላ ወረቀቱን ያስያዘችኝም እርሷ ናት።

የግቢያችን ዛፍ ወደቀ።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የከቀትር በኋላውን ሙቀት መቼም አትረሺውም፤ መስኮቱን ዘግተን ጋደም ብለን ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ዝናቡ ከሁሉም በኋላ። የጎረቤት ቆርቆሮ ከነሚስማሩ ተገንጥሎ በአጥራችን ላይ ሲያልፍ በመስታወቱ አየሁት። ዛፉ ሲወድቅ ከመሬት ውስጥ ወፍራም ሸራ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ተደርምሶ፣ የግቢው በር ተጣምሞ፣ ከበረንዳው እስከ አጥሩ ድረስ ቅጠል ብቻ ሆነ። እናቴ የተኛችበት ክፍል ከዛፉ ጫፍ የራቀው ሁለት እርምጃ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም።

ልጄ ወዲያው ገጀራውን ይዞ ሊወጣ ሲል ጮኼ መለስኩት። የመብራቱ ሽቦ ተበጥሶ ከቅርንጫፎቹ ሥር ገብቷል፣ መሬቱም ውኃ ተኝቶበታል። መብራት የጠፋ ቢመስልም ሽቦ አይታመንም። ያን ሌሊት ማንም ወደ ግቢው እንዳይወርድ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ አደርኩ። በማግስቱ የመብራት ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ቆርጠው ሽቦውን ከጠቀለሉ በኋላ ነው መጥረቢያ የተነሳው።

ጎረቤቱን ብታዪ! ከጀርባችን ያሉት ሀጂ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ከነመጋዛቸው ላኩ። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችን ሻይ በትልቅ ፔርሙስ፣ ሳንቡሳ በሰፊ ትሪ ይዛ መጣች። ፀሐይ ሳይበረታ እስከ አራት ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ይበተናል፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና። ትንንሹ ቅርንጫፍ በሁለት ቀን አለቀ። ለግንዱ ግን ከሳቢያን ሰፈር የሞተር መጋዝ ያለው ሰው አስመጣን።

ይህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። መጋዙን ከማስነሳቱ በፊት ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። በአጥሩና በመሬቱ መካከል ተጨንቆ የታጠፈ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ነበር፤ እርሱን በእጁ እያሳየ «ይህ የተወጠረ ወንጭፍ ነው፤ ከላይ ብቻ ቆርጬ ብለቀው ሰው ይገድላል» አለን። መጀመሪያ ከሥር፣ እንጨቱ ከተጨመቀበት ወገን ጥቂት ገባለት፤ ቀጥሎ በተወጠረው ወገን ቀስ እያለ ቆረጠው። ቅርንጫፉ ተስፈንጥሮ አጥሩን ሲመታ ሁላችንም በአንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈግን።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሥሩ ነው። ሥሩ አፈሩን ይዞ ከሰው ቁመት በላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከሥሩ ጉድጓድ ተፈጥሯል። የሰፈር ልጆች ገብተውበት ይጫወቱ ነበር። ሰውየው ልጆቹን በቁጣ አስወጥቶ በገመድ ካጠረ በኋላ ግንዱን ከሥሩ ለየው። ግንዱ እንደተለየ ያ ሁሉ አፈር ቀስ ብሎ ተነሣና ዘፍ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ቆመ። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ከልጆቹ የአንደኛው ጫማ እዚያው ሥር ቀርቶ ነበር፤ ጫማ ብቻ በመሆኑ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ዛፉን የጣለው ነፋሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልቤ ይህን ያህል ባልተሰበረ። ሥሩን ሳየው ነው የገባኝ። በተራራው በኩል ያለው ሥር በመስመር፣ በአካፋና በዶማ የተቆረጠ ነበር፤ ቁስሉ ጠቁሮ በስብሷል። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ የውኃ ቧንቧ አስገብተን ግቢውን ሲሚንቶ ስናስለብስ ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ቆፋሪው «ሥር አጋጥሞኛል» ብሎ ሲጠራኝ «ቁረጠውና ቀጥል» ያልኩትም እኔ ነኝ። ባለ መጋዙ እንደነገረኝ የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩን ወደ ጥልቅ አይሰድድም፤ ከላይ ከላይ ሰፍቶ ነው የሚይዘው። ነፋሱ የመጣው ደግሞ በዚያው፣ የሚይዘው ሥር በጠፋበት በኩል ነው። ባቆጠቆጠው አበባ ክብደት ላይ ዝናቡ ተጨመረበት። ዘንድሮ ገና መቅላት እንደጀመረ ነበር።

ታስታውሻለሽ? አዲስ አበባ ለትምህርት ስንሄድ ሰው ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» እያለ ሲጠራው እንዴት እንኮራ ነበር! የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለእኔ ግን ዛሬም የዚህ ከተማ ልጅ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልምጣ። ግንዱ ሲቆራረጥ መጋዙ በድንገት ብልጭታ ተፋና ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሰውየው በመጥረቢያ ፈልጦ ሲያየው እንጨቱ ውስጥ የብረት ቀለበት ተገኘ፤ የዛገ ሽቦ ዞሮበታል። አባትሽ ለእናትሽ ልብስ ማስጫ የቸነከሩት ቀለበት ነው! እኔና አንቺ ሰባት ዓመት ሳይሞላን፣ እርሳቸው ከምድር ባቡር ሥራ ሲመለሱ በርጩማ ላይ ቆመው ሲቸነክሩት ሚስማሩን የያዝነው እኛ ነን። እንጨቱ ከዓመት ዓመት ቀለበቱን ውጦ ላዩን በልጦ አድጎበታል። ቁመቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ስለሆነ እናትሽ እጇን ዘርግታ ትደርስበት በነበረው ልክ ላይ ነው። በዙሪያው ያለው እንጨት ብረቱ ነክሶት ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል። የሰንሰለቱን ዋጋ ከፈልኩና ያን ቁራጭ አስቆርጬ አስቀረሁት። በርበሬ ካለበት ማሰሮ አይበልጥም፤ በረንዳው ላይ በጥላ እየደረቀ ነው።

ቅርንጫፉን በተመለከተ አንድ ክርክር ነበረ። ጭነት የሚያመላልሱ ሁለት ልጆች «ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እንጣለው፣ ጎርፍ ይወስደዋል» አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ያን ሌሊት አብረን ነበርን፤ ዝናቡ የዘነበው በደጋው ነበር፣ እዚህ ሰው በእንቅልፉ ላይ ሳለ ነው ደቻቱ የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጠዋት ላይ በቤቶች መካከል ተሰንቅሮ ያየነው የዛፍ ግንድና ግንዲላ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የእኛ ዛፍ በአንድ ክረምት ሌሊት የማላውቀውን ሰው በር እንዲመታ አልፈቅድም። አይሱዙ ተከራይቼ ለቆሻሻ ወደተመደበው ቦታ አስወሰድኩት፤ ገንዘቡ አልቆጨኝም። ቅጠሉን ግን ፍየሎች ቀድመውን ግማሹን ጨርሰውት ነበር። ወፍራም ወፍራሙን ለማገዶ ለጎረቤት አከፋፈልኩ፤ ለሣንቃ የሚሆን ጠንካራ እንጨት አይደለም።

ወጥ ቤቱ በአዲስ ቆርቆሮ ተከድኗል። ግቢው ግን ፀሐይ ብቻ ሆኗል። እናቴ ወንበሯን ከግድግዳው ጥላ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ታዞራለች፤ እርሱን ሳይ ነው የምጎዳው።

ሥሩ የነበረበትን ሲሚንቶ አራት ሜትር በአራት ሜትር አስፈርሼዋለሁ። በሐምሌ ዝናብ ምን እንትከል በሚለው ግን አልተስማማንም። ሀጂ «ሮቃ ይተከል» ይላሉ፤ ዘግይቶ ያድጋል እንጂ ነፋስ አይጥለውም ብለው ከራሳቸው ግቢ ችግኝ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ልጄ ኒም ይላል፣ ቶሎ ጥላ ይሰጣል ብሎ። እናቴ ደግሞ ያንኑ የድሬዳዋ ዛፍ ነው የምትለው። ከወደቀው ላይ ረጃጅም የደረቁ ፍሬዎቹን ለቅማ በመሃረብ ቋጥራ አስቀምጣለች፤ ስትነቀንቀው እንደ ልጅነታችን ይንኳኳል። እኔ ወደ ሮቃው አደላለሁ፤ የእናቴን ፊት ሳይ ግን ቃሉ ከአፌ አይወጣም። ግቢው የአንቺም ነውና የአንቺን ሐሳብ ሳልሰማ አንዱንም አልተክልም። ሰኔ ከማለቁ በፊት ጻፊልኝ ወይም ደውዪልኝ፤ አሁን አነሣለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ለመስቀል ወደ እናንተ ዘንድ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። ቁራጩ እስከዚያ ከደረቀ በእርሷ እልክልሻለሁ። ቀለበቱን አላወጣሁትም፣ እንዳለ ነው።

እናቴ ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች።

የዘወትር እህትሽ