ቤዞስ ሄደ፤ የቀሩትስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ዋሽንግተን ስቴት የካፒታል ጌይን ታክስ፣ ማለትም አክሲዮንና የመሳሰለ ሀብት ተሸጦ በሚገኝ ትርፍ ላይ ስለሚጣለው ታክስ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ታክስ ሲጨምር ሀብታም ጥሎ ይሄዳል» የሚለው ነገር አንድም ጥያቄ ሳይነሳበት፣ ያለቀለት እውነት ሆኖ ቀርቧል። እኔ ኬንት ከተማ ቤቴ ውስጥ የሕፃናት መዋያ (ዴይኬር) ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል። የዚህ ታክስ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ በየቀኑ ስለማየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅርቡ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ላይ ይኸው ወሬ፣ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ከስቴቱ መልቀቁም ጭምር፣ ተነስቶ ነበር። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው፣ «ልጄ፣ ቤዞስን የሚያህል ሰው አስመርረው አባረሩት። ነገ ቤትሽን ስትሸጪ ደግሞ ከአንቺም 7 በመቶ ይወስዳሉ» አሉኝ። አጠገባችን የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ቤት እኮ እዚህ ሕግ ውስጥ የለም» ብላቸው አላመኑኝም። ምግብ ቀረበና ወሬው ተቀየረ። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ ያን ቀን ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው። ካፒታል ጌይን የምንለው የስቴቱ ታክስ ሕግ ሆኖ የወጣው በ2021 ነው። ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ዋለ። የሚመለከተው እንደ አክሲዮን ያለ ሀብት ሸጦ በአንድ ዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ያተረፈን ሰው ነው። ይህ ሕጉ ሲጀምር የነበረው መነሻ ነው፤ ከዋጋ ንረቱ ጋር በየጊዜው ከፍ ይላል። 7 በመቶው የሚታሰበውም ከዚያ በላይ ባለው ትርፍ ላይ ብቻ ነው። ቤት ቢሸጥ አይነካም። የጡረታ ሂሳብም አይነካም። በመጀመሪያው ዓመት የከፈሉት ሰዎች 4 ሺህ እንኳን አይሞሉም። ይህ እንግዲህ ወደ 8 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት ስቴት ነው። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ወደ 786 ሚሊዮን ዶላር አስገቡ።

አሁን ወደ ቤዞስ ልምጣ። እውነቱን መሸፋፈን አልፈልግም። ጄፍ ቤዞስ ፍሎሪዳ ስቴት ወዳለችው ማያሚ ከተማ እንደሚዛወር በኖቬምበር 2023 በኢንስታግራም ተናገረ። ወላጆቹ ወደዚያ መመለሳቸውንና ብሉ ኦሪጅን የሚባለው የሮኬት ኩባንያው ሥራ ወደ ፍሎሪዳ እያዘነበለ መሆኑን ጠቀሰ። ስለ ታክስ አላነሳም። በፌብሩዋሪ 2024 ግን 50 ሚሊዮን የአማዞን አክሲዮን ሸጠ። ዋጋው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እዚህ እየኖረ ቢሸጠው ኖሮ የስቴቱ ድርሻ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ታክስ የለም። ይህን ሂሳብ አላሰበውም የሚለኝ ሰው ቢኖር እኔ አላምነውም። ገንዘቡም ይቆጨኛል።

ግን አንድ ሰው ነው። ከዚህ ተነስቶ «ሀብታሞቹ እየነቀሉ ነው» ማለት ሌላ ነገር ነው። ክሪስቶባል ያንግ የሚባል ሶሺዮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከ1999 እስከ 2011 የነበረውን የሚሊየነሮች የታክስ መረጃ አጥንቷል። በዓመት ስቴት የሚቀይሩት ሚሊየነሮች ከመቶ 2.4 ብቻ ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ 2.9። ሀብታሙ ከሌላው ሰው ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው ማለት ነው። ታክስ ሸሽተው የሚሄዱ የሚመስሉት በብዛት የታዩት ወደ ፍሎሪዳ ነው። ፍሎሪዳን ከሂሳቡ ሲያወጧት ልዩነቱ ይጠፋል። ፍሎሪዳ ደግሞ ፀሐይም ባሕርም አላት።

ሌላውንም ወገን ልናገር። ካሊፎርኒያ በ2012 ከፍተኛውን የገቢ ታክስ 13.3 በመቶ ስታደርሰው፣ ለቀው የሚወጡ ባለ ከፍተኛ ገቢዎች መጨመራቸውን የስታንፎርድ ኢኮኖሚስቶች አሳይተዋል። ጭማሪው ከመቶ አንድ ሰው አይሞላም። ስቴቷን ይበልጥ የጎዳት እዚያው የቀሩት ሰዎች የሚያስመዘግቡት ገቢ ዝቅ ማለቱ ነው። ችግር የለም እያልኩ አይደለም። ችግሩ ግን በየግብዣው እንደሚወራው ሻንጣና አውሮፕላን አይደለም።

ሀብታምም እኮ ሰው ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ጓደኞች አሉት። ሚስቱ ሥራ አላት። ቤልቪው ላይ ክሊኒክ ያለው ሐኪም በሽተኞቹን ይዞ ማያሚ አይገባም። ሕግ ቢሮ ያለውም ደንበኞቹን ጥሎ አይነሳም። ሥራውን ከየትም ሆኖ የሚመራ፣ በየከተማው ቤት ያለው ሰው መሄድ ይችላል። እንደዚያ ያለው ግን ስንት ነው?

ከኛ ሰው ማን ነው ከዚህ የለቀቀው? እኔ ከያዝኳቸው ልጆች አምስቱ ከወላጆቻቸው ጋር ሄደዋል። ሦስቱ ዳላስ፣ ሁለቱ ላስ ቬጋስ። አንዱ አባት ታክሲ ነጂ ነበር፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። አንዷ እናት ነርስ ናት። የቤት ኪራይ ነው ያስወጣቸው። ስለነሱ መሄድ ግን ማንም ዜና አልሠራም።

ስለ ታክስ ሸክም ካነሳንም እንነጋገር። ሰሞኑን ሲያትል ሄጄ ለልጆቹ መኝታ ፍራሽና አንሶላ ገዛሁ። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ ከ10 ዶላር በላይ የሽያጭ ታክስ ተጨምሮበታል። ደረሰኙን ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለዚያ ፍራሽ ቢሊየነሩም እኔም የምንከፍለው እኩል ነው። የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም በ2024 ባወጣው ስሌት፣ በስቴታችን ዝቅተኛ ገቢ ያለው አንድ አምስተኛው ሕዝብ ከገቢው 13.8 በመቶውን ለስቴትና ለከተማ ታክስ ያወጣል። ከመቶ አንድ የሆኑት ባለጸጎች 4.1 በመቶ። ያውም አዲሱ ታክስ ተቆጥሮ። ከኛ የባሰች አንዲት ስቴት ብቻ ናት፣ እሷም ፍሎሪዳ ናት።

ሕዝቡ ይህን እያወቀ መጥቷል ብዬ አምናለሁ። በ2010 የቢል ጌትስ አባት ራሳቸው ከፊት ሆነው፣ ሀብታሞች ላይ የገቢ ታክስ ይጣል የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ከ100 መራጭ 64 ያህሉ አይሆንም አለ። ያኔም ሀብታሙ ይሸሻል ተብሎ ነበር። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ካፒታል ጌይኑ ይሰረዝ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። አሁንም ከ100 መራጭ 64 ያህሉ አይሆንም፣ አይሰረዝም አለ። ቤዞስ እሄዳለሁ ካለ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰው ይህንንም አይቶ ነው የወሰነው።

ገንዘቡ የት ይገባል? በየዓመቱ የመጀመሪያው 500 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርትና ለሕፃናት እንክብካቤ እንዲውል ነው ሕጉ ሲወጣ የተወሰነው። የተረፈው ለትምህርት ቤት ግንባታ። እኔ ጋ የሚደርሰው እንዲህ ሆኖ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ይንኳኳል። ኤርፖርት አውሮፕላን የምታጸዳ እናት ናት። ትንሹን በጋቢ ጠቅልላ አዝላዋለች፣ ትልቁ እንቅልፉን ሳይጨርስ እጇን ይዟል። የትንሹ ጫማ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሲነቃ የማደርግለት እኔ ነኝ። የሁለቱን ልጆች ሙሉ ክፍያ ከኪሷ ብትከፍል ደሞዟ ተጠራርጎ ለእኔ ይሆን ነበር። አብዛኛውን ስቴቱ ስለሚከፍል ትሠራለች፣ የራሷን ኪራይም ትከፍላለች። በ2025 የስቴቱ በጀት ሲጎድል፣ ድጎማው ለተጨማሪ ቤተሰቦች እንዲሰፋ የተያዘው ዕቅድ ወደ ፊት ተገፋ። ያን ሰሞን ቦታ ጠይቀውኝ መክፈል ስላልቻሉ የቀሩ እናቶች ስልክ እስካሁን እጄ ላይ አለ።

የሚያሳስበኝም አለ። አክሲዮን መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ገቢው ይዋዥቃል። በሁለተኛው ዓመት ወደ 430 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በ2025 ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ትርፍ ላይ ታክሱ 9.9 በመቶ ሆነ። የውርስ ታክሱም አብሮ ጨመረ። እየተደራረበ ሲሄድ የሚነሳው ሰው ሊጨምር ይችላል። ይህን በየዓመቱ ቁጥር እያዩ መከታተል ያስፈልጋል። ስንት ሰው ከፈለ? ስንት ገባ? የስቴቱ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ያወጣዋል። የናንተ ዓይነት ሚዲያ በአማርኛ ቢያቀርብልን ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ ልመና ብቻ ልጨምር። በሚቀጥለው ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ፣ የመኖሪያ ቤት ሽያጭ በዚህ ታክስ እንደማይነካ ከላይ፣ በጉልህ አውጡልን። ለጋሼ በወረቀት አትሜ እወስድላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ውስጥ ዴይኬር ባለቤት
ኬንት፣ ዋሽንግተን ስቴት