ልጄ፣ ዓሣ ነባሪዎችሽን አትተዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የስኮትላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፤ የሚሄድ ሰው እንዳገኘን እንልካለን።

ባለፈው በስልክ «ሰው ስለ ትምህርቴ ምን ይላል?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ ተቆራረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያወራሉ። አክስትሽ አሁንም «ሐኪም መሆን ስትችል» እንዳለች ነው። ጎረቤቶችም ቡና ላይ «ባህር የሌለው አገር ልጅ ዓሣ ነባሪ አጥንታ ምን ልትሠራ ነው?» ይላሉ።

እኔ መልስ አለኝ። መጀመሪያ ደጀንን አነሳለሁ። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ባህር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን አገሩ በባህር ተሸፍኖ ነበር፤ ድንጋዩ ውስጥ የዛጎል ቅሪት ይገኛል። ያኔ ዓሣ ነባሪ ገና አልነበረም። ቢሆንም «ጎጃምና ባህር ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ ሰው ሄዶ ድንጋዩን ይመልከት።

ትልቁ መልሴ ግን ጉማሬ ነው። በሕይወት ካሉት እንስሳት ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ መሆኑን ከነገርሽኝ ወዲህ ዓባይ ዳር ስቀመጥ አስተያየቴ ሁሉ ተቀይሯል። ማታ ማታ ውኃው ጭር ይላል። ድንገት አፍንጫ ብቅ ይላል፤ ከኋላው ዓይን፣ ከዚያ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች። «ፍሽሽ» ብሎ ሲተነፍስ ጠብታው በመጥለቂያዋ ፀሐይ ላይ ይበተናል። ጆሮውን ያርገፈግፋል፣ አፍንጫውን ይዘጋል፣ ይሰምጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። ያንቺው ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ጠልቆ አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሹን ይዞ ይቆያል! ዘመዳሞች ሆነው እንዲህ መራራቃቸው በጣም ይገርመኛል። ግብፅ ውስጥ ዋዲ አል ሂታን በተባለው በረሃ ደግሞ ትንንሽ የኋላ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጽም አለ። የኛው ዓባይ በሚያልፍበት አገር ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ የዓሣ ነባሪ ጅራት ፎቶ ሳመሳስል እውላለሁ፣ ሰለቸኝ ብለሽኛል። አይዞሽ። ለእኔ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ጅራት ከሥሩ ያለው ጥቁርና ነጭ መልክ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ አንዱ የሚለይ ከሆነ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደጠፋ የሚታወቀው አንድ በአንድ በሚያየው ሰው ዓይን ነው። የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከ400 በታች መቅረታቸውን፣ የሚገድሏቸውም መርከብና የአሣ ማጥመጃ ገመድ መሆናቸውን ዓለም ያወቀው ከእንዲህ ዓይነት አድካሚ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይም እ.ኤ.አ. በ1971 የሃምፕባክ ድምፅ የሚደጋገም ዜማ መሆኑን የጻፉት ቁጭ ብለው አዳምጠው ነው። ዜማውን የሰማ ሰው ልቡ ራራ። ዓሣ ነባሪን ለንግድ ማደን ይቁም የሚለው ዓለም አቀፍ ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1982 ተላልፎ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። ታዲያ ይኼ ከንቱ ሥራ ነው?

ጣናን እምቦጭ ሲወረው ያየሁ ሰው ነኝ። ውኃን በትዕግሥት የሚከታተል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ተመለሺ ብዬ ላስጨንቅሽ አይደለም። የምትማሪው ነገር ለኛም ውኃ እንደሚሆን እንድታውቂ ብዬ ነው።

አደራ፣ ጀልባ ላይ ስትወጪ የሕይወት አድን ጃኬቱን እንዳታወልቂ። እንቅልፍሽንም ተኚ። ዶልፊን ግማሽ አንጎሉን ብቻ አስተኝቶ ያድራል ብለሽኛል፤ ያንቺ ግን ሙሉው ይተኛ።

ለእረፍት ስትመጪ ያንን የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ተውሰሽ መምጣት ይቻልሻል? ጉማሬም ውኃ ውስጥ ድምፅ ያሰማል ብለሽኝ ነበር፤ አብረን ብንሰማው ደስ ይለኛል። ለጀልባ ነጂው ነግሬዋለሁ። «ራቅ ብለን ከቆምን እሺ» ብሏል።

አባትሽ
ከባሕር ዳር