የባሕር ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ርቀትን መጠበቅ

ክበባችን ዘንድሮ የግድግዳ ጋዜጣውን ሳያቋርጥ አውጥቷል፤ የባሕር ዳርቻ ጽዳቱንም ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጋር አብሮ ሠርቷል። የዚህን ዘገባ አብዛኛውን ቦታ ግን ለአንድ ቀን እሰጠዋለሁ፤ ዓሣ ነባሪዎችንና ዶልፊኖችን ለማየት በጀልባ ለወጣንበት ቀን።

ለጉዞው መዘጋጀት የጀመርነው ከወራት በፊት ነው። በባሕር ላይ ሙሉው እንስሳ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚታየው ጀርባ፣ የጀርባ ክንፍ፣ ጅራት ወይም ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ በእነዚህ ቁርጥራጭ ምልክቶች መለየትን ተለማመዱ። ትንፋሹ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከአፍንጫ የሚረጭ የባሕር ውሃ አይደለም፤ ከሳንባ በኃይል የሚወጣ ሞቃትና እርጥብ አየር ነው። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ አንድ የመተንፈሻ ቀዳዳ ብቻ ስላለውና እሱም በራሱ ግራ በኩል ስለሆነ፣ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነብላል። የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ተማሪዎቹ እነዚህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ደስታ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የርቀት ጉዳይ ነበር። አውስትራሊያን በመሳሰሉ አገሮች ጀልባ ለዓሣ ነባሪ ከ100 ሜትር፣ ለዶልፊን ከ50 ሜትር የበለጠ መቅረብ አይፈቀድለትም። ፊት ለፊት መግጠምም ሆነ ከኋላ ማሳደድ ክልክል ነው፤ በጎን በኩል፣ በዝግታ ይኬዳል። «ይህን ያህል ርቀን ምን እናያለን?» ብለው የጠየቁ ነበሩ። መልሱን ባሕሩ ራሱ ሰጣቸው።

ከወደቡ ስንወጣ ንፋሱ ቀላል ነበር። ሁሉም የነፍስ አድን ጃኬቱን እንደለበሰ ካፒቴኑ የጀልባዋን አፍንጫ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርገን አቅጣጫን በሰዓት ገጽ ላይ እንዳሉት ቁጥሮች እንድንጠቁም አስተማሩን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መጠበቁ ረጅም ነበር፤ ማዕበሉ ያዞራቸውም ነበሩ፤ ሆኖም የተመደበበትን አቅጣጫ የለቀቀ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ተማሪ በሦስት ሰዓት አቅጣጫ ወፎች ውሃው ላይ ሲወረወሩ አየ። ወፍ የሚወረወርበት ቦታ ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ ዓሦቹ ወደ ላይ የወጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከታች የሚያሳድዳቸው ስላለ ነው። ዶልፊኖች ነበሩ።

ካፒቴኑ ፍጥነታቸውንም አቅጣጫቸውንም አልቀየሩም። ዶልፊኖቹ በራሳቸው ፈቃድ መጥተው ከጀልባዋ ፊት ተሰለፉ። ጀልባ ስትጓዝ ከፊቷ የምትገፋው ውሃ ዶልፊኑንም ስለሚገፋው፣ ጅራቱን እምብዛም ሳይመታ ይንሸራተታል። ጅራታቸው እንደ ዓሣ ወደ ግራና ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚመታ ሁሉም በዓይኑ አረጋገጠ። የ50 ሜትሩ ደንብ ለጀልባ እንጂ ለዶልፊን እንዳልተጻፈ ያን ጊዜ ገባቸው፤ የመቅረቡ ምርጫ የእንስሳው ነው።

ዓሣ ነባሪዎቹን ያገኘናቸው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሃምፕባክ ከሚባለው ዝርያ የሆነች አንዲት እናት ከነግልገሏ። ካፒቴኑ ግልገሉን እንዳዩ ከተለመደው ርቀት እጅግ ቀደም ብለው ጀልባዋን አቆሙ። ተማሪዎቹ ሰዓት ይዘው እያንዳንዱን ትንፋሽ መዘገቡ። ግልገሉ ከእናቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ለመተንፈስ ብቅ ይል ነበር፤ እሷ ከታች ስትቆይ እሱ ብቻውን ወጥቶ አየር ወስዶ ይመለሳል። የሰውነቷን ርዝመት ሲሶ የሚያህለው የጎን ክንፏ በውሃው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታየን ነበር።

በዚህ መካከል ሌላ ጀልባ በፍጥነት መጥቶ ወደ እናትና ልጅ ተጠጋ። ሁለቱም ጠለቁ። እንደገና ስናያቸው ሩቅ ነበሩ፤ እየተጓዙም ነበር። የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መዝገብ ይህንን በግልጽ ያሳያል፤ እስከዚያ ድረስ ተቀራራቢ የነበረው የትንፋሽ ሰዓት ከዚያች ደቂቃ በኋላ ተዛብቷል። አንድ ቀን የተሞላ አንድ ገጽ ሳይንሳዊ ማስረጃ ነው አልልም። ነገር ግን ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ እናትና ልጅ በድምፅ በሚገናኙበት ዓለም የሞተር ጩኸት ምን እንደሚያደርስ ከዚያ ገጽ በላይ ያስረዳኝ መጽሐፍ የለም። ተማሪዎቼ ያን ጊዜ የተሰማቸውን ቁጣ ተገቢ ነው እላለሁ።

ስንመለስ ክበቡ ስለ ዓሣ ነባሪ አደንና ስለ ማሳየቱ ሥራ ታሪክ ተወያየ። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በክፍያ ዓሣ ነባሪ ማሳየት ደግሞ በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1955 ተጀምሯል። ማየት ከመግደል እንደሚሻል የተከራከረ አልነበረም። ክርክሩ ማየትስ መቼ ጉዳት ይሆናል የሚለው ላይ ነበር፤ እኔም ሰዓቱ እስኪያልቅ ጣልቃ አልገባሁም።

ሃምፕባኳ ከመራቋ በፊት ጅራቷን አንድ ጊዜ አንስታለች። የጅራት የታችኛው ገጽ ጥቁርና ነጭ ንድፍ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስለሚለያይ ግለሰቧን ለመለየት ያገለግላል። ያነሣነውን ፎቶግራፍ እንዲህ ያሉ ምስሎችን በኮምፒውተር ለሚያነጻጽረው ሃፒዌል ለተባለው መዝገብ ልከናል፤ ይህ ዘገባ እስከተጻፈበት ቀን መልስ አልደረሰንም። የትንፋሽ መዝገቦቹ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል፤ ማንኛውም ተማሪ ሊያያቸው ይችላል። ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን እንዲገዛለት ለትምህርት ቤቱ ጥያቄ አቅርቧል። ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የሃምፕባክ ድምፅ የሚደጋገም ሥርዓት ያለው ዜማ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1971 ካሳዩ ወዲህ ብዙ ተሰምቷል፤ ተማሪዎቻችን ግን በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመጀመሪያው ሳምንት በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል።