አራስ ስትጠይቁ ትልቁንም ልጅ እዩት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ልጄ ከተገላገለች ወር ሊሞላት ነው። ገንፎው፣ ቡናው፣ ጠያቂው አልተቋረጠም። ጎረቤቶቼን አላህም ማርያምም ያክብርልኝ። ያስጨነቀኝ የአቡሽ ነገር ነው። አቡሽ የበኩር ልጇ ነው፤ አራት ዓመቱ።

ጠያቂ ይገባል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ሕፃኗን እትፍ እትፍ ይላል። ከዚያ ወደ አቡሽ ዞሮ «አንተ፣ አለቀልህ! ጡትህንም እናትህንም ወሰደችብህ!» ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ክፋት የለውም፤ እኔም ለስንት ልጅ ብዬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ፊቱን አየሁት። በሩ ኋላ ገብቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ይፍቃል። ማታ የሕፃኗን ፎጣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር አገኘሁት። «እኔም ሕፃን ነኝ» አለኝ። ሌሊት መሽናት ከተወ ዓመት ያለፈው ልጅ ፍራሽ ማርጠብ ጀምሯል። እናቱ ደክሟት ተቆጣችው። እኔ አልቻልኩም።

ምክንያቱም የእኔንና የእህቴን ነገር አውቀዋለሁ። በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። ያደግነው «እስኪ እህትሽን ምሰይ» እየተባልን ነው፤ እኔ በትምህርቷ፣ እሷ በሙያዬ። እናታችን እንድንጎብዝ ብላ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ተዳረች፣ እኔ ደሴ ቀረሁ። መሀላችን 25 ኪሎ ሜትር ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጥምዝምዝ ብሎ መውረድ ነው። ለዓመታት ግን ከሠርግና ከለቅሶ ውጪ አልተያየንም። እናታችን ስታርፍ እህቴ ደረቷን እየመታች «አንቺን ነበር የምትወድሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የምትወደው እሷን ነው ስል ኖሬያለሁ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደርሶ ደሴ ሲጨንቃት መጀመሪያ የደወለችልኝ እሷ ናት። «ዕቃ እንዳትይዢ፤ ነይ!» ከኮምቦልቻም አብረን ወጣን። በመንገድ ላይ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን አደርን።

እኛ ወሎዬዎች ቁርአኑንም መጽሐፍ ቅዱሱንም በአንድ ግቢ እየሰማን ነው ያደግነው። ዩሱፍን ወንድሞቹ ጉድጓድ የጣሉት አባታችን ከእኛ አብልጦ ይወደዋል ብለው ነው። ሁላችንም የምናወራው የእነሱን ክፋት ነው። እኔን የምታመኝ ግን ያቺ አንዲት ንግግራቸው ናት።

ስለዚህ እባካችሁ። አራስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ትልቁን ልጅ ሳሙት። ብስኩት ከያዛችሁ ለእሱ ስጡት። ስለ ሕፃኑ እሱን ጠይቁት። እናቶችም ፍራሽ ቢያረጥብ አትቆጡት፤ ሲረጋጋ ይተወዋል። ሕፃኑ ሲተኛ ትንሽ ጊዜ ለብቻው ስጡት፣ እቅፍ አድርጉት። «ትልቅ ሆነሃል እኮ» አትበሉት፤ አራት ዓመት ምኑ ትልቅ ነው?

ትናንት እህቴ ከኮምቦልቻ መጣች። ሕፃኗን ሳታይ አቡሽ ፊት ቁጭ አለች።

«እህትህ ሌሊት ለምን ታለቅሳለች?» አለችው።

ትንሽ አሰበ። «ሲርባት ነው። እኔ እጇን ስይዛት ዝም ትላለች።»

ከዚያ ጣቷን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ጎተታት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አለና፣

«ቀስ በይ፣ ትቀሰቅሻታለሽ» አላት።

የአቡሽ አያት
ከደሴ